የትኛው እርሳስ? ኦርጋኒክ እርሳስን ከአየር፣ ከውሃና ከደለል ለይቶ የመለካት ጣጣ

አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቷል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ነው፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባድ ብረትም እርሳስ ነው። በተማሪው እርሳስ ውስጥ ግን እርሳስ የሚባለው ብረት የለም። ጥቁሩ መጻፊያ ግራፋይት ነው፤ ከከሰልና ከአልማዝ ጋር የሚዛመድ ካርቦን። በስሙ ብቻ የሚፈርድ ሰው ልጁ የእርሳሱን ጫፍ በላሰ ቁጥር ሲደነግጥ ሊኖር ነው።

ላቦራቶሪም ተመሳሳይ የስም መደባለቅ አለበት። የውሃ ናሙና ሰጥታችሁ «ጠቅላላ እርሳስ፦ በሊትር 5 ማይክሮግራም» የሚል ወረቀት ቢመለስላችሁ፣ ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እርሳሱ በምን መልክ እንደነበረ ግን አይነግራችሁም። ከአሮጌ ቧንቧ የሟሟ ነው? ከጭቃ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የመጣ ነው? ወይስ ከካርቦን ጋር ተሳስሮ በስብ ውስጥ እንደ ልቡ የሚሟሟ፣ በቆዳ የሚገባ፣ እስከ አንጎል የሚዘልቅ ነው? ይህ የመጨረሻው ኦርጋኒክ እርሳስ ይባላል። ከሌላው እርሳስ ለይቶ ለመለካት ኬሚስቶች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲታገሉት ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃልም ገበያ ላይ ሌላ ትርጉም ስለያዘ አንድ ነገር ልበል። በአትክልት ተራ ያለ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ የበቀለ ጎመን ማለት ሆኗል። በኬሚስትሪ ግን ከካርቦን ጋር የተያያዘ ማለት ብቻ ነው። እርሳስ ላይ ሲቀጠል እንኳን ጤናማነትን ሊያመለክት፣ የባሰውን መርዝ ነው የሚጠቁመው።

ከቤንዚን ጋር የመጣው

ኦርጋኒክ እርሳስን ዓለም ላይ የበተነው አንድ ምርት ነው። በታኅሣሥ 9 ቀን 1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል ውስጥ ጥቂት ቴትራኤቲል እርሳስ ከሞተር ነዳጅ ጋር ቀላቀለ። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ሲያንኳኳ የነበረው ሞተር ዝም አለ። ነገሩ ቀለም የሌለው፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ከውሃ የሚከብድ ፈሳሽ ነው። በሞለኪውሉ መሐል አንድ የእርሳስ አቶም ተቀምጦ በአራት ክንዱ አራት ኤቲል የሚባሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቁራጮችን ይዟል። ክብደቱ ሲሰላ 64 በመቶው እርሳስ ነው። የሚመስለው ግን ብረት ሳይሆን ዘይት ነው፤ ይተናል፣ በስብ ይሟሟል፣ በጓንት ያልተሸፈነ እጅን ያለ ችግር ያልፋል።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ገደለ። በጥቅምት 1924 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በቤይዌይ የነዳጅ ማጣሪያ ቴትራኤቲል እርሳስ ከሚሠራበት ክፍል ሠራተኞች በቀናት ልዩነት እየቃዡ፣ እየተንፈራገጡ፣ በሰው ኃይል እየተያዙ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ 5 ሞቱ፣ በርካቶች ታመሙ። በዚያው ግዛት በዲፕወተር ከተማ የነበረውን ሌላ ፋብሪካ ሠራተኞቹ «የቢራቢሮዎች ቤት» ይሉት ነበር፤ የሌሉ ነፍሳት ፊታቸው ላይ ሲበሩ እየታያቸው በእጃቸው እሽ ስለሚሉ ነው። የቀለም ሠሪዎችና የቧንቧ ሠሪዎች የጥንት የእርሳስ በሽታ እንዲህ አይደለም። እሱ ሆድ ይቆርጣል፣ ደም ያሳጣል፣ አንጓ ያዝላል። ይኼኛው ግን በቀጥታ አእምሮ ላይ ይወጣል።

ሐኪሞች ከዚህ የተማሩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። በተራው እርሳስ የተመረዘ ሰው ደሙ ሲመረመር ይታወቃል። በቴትራኤቲል እርሳስ የተመረዘ ሰው ግን የደሙ ቁጥር ያን ያህል ሳያስደነግጥ አእምሮው ሊታወክ ይችላል፤ ሽንቱ የተሻለ ምስክር ነው። ትክክለኛውን ብረት ከተሳሳተ ቦታ መለካት ለካሁ አያሰኝም።

አራት ክንድ፣ ሦስት ክንድ፣ ሁለት ክንድ

ቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ቴትራኤቲል እርሳስ አብዛኛው ይፈርሳል። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥቃቅን ብናኝ ነው፤ ከብሮሚንና ከክሎሪን ጋር የተጣመረ ተራ እርሳስ። መንገድ ዳር ያረፈው፣ ልጆች በእጃቸው ይዘው አፋቸው የከተቱት ይህ ነው። ጥቂቱ ግን ሳይቃጠል ያመልጣል፤ ከታንክ ሲተን፣ ማደያ ላይ ሲፈስ፣ ጋራዥ ውስጥ እጅ በቤንዚን ሲታጠብ። በከተማ አየር ውስጥ ኦርጋኒኩ ከጠቅላላው እርሳስ ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር፤ ማደያና ጋራዥ አካባቢ ከፍ ይላል።

ያመለጠው እንደወጣ አይቆይም። የፀሐይ ብርሃንና በአየር ውስጥ ያሉ አጥቂ ሞለኪውሎች ክንዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ። አራት ክንድ የነበረው ሦስት ይቀረዋል፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻም ክንድ አልባ ተራ እርሳስ ይሆናል። በበጋ ቀን የመጀመሪያው ክንድ የሚነቀለው በሰዓታት ውስጥ ነው።

የታሪኩ መካከለኛ ባለጉዳይ ባለ ሦስት ክንዱ ነው፤ ኬሚስቶች ትራይአልኪል ይሉታል፤ ክንዶቹ ኤቲል ከሆኑ ትራይኤቲል፣ ከኤቲል የሚያንሰው ሜቲል የተባለ ቁራጭ ከሆኑ ትራይሜቲል እርሳስ። አንድ ክንድ ሲያጣ ኤሌክትሪካዊ ሙሌት ያገኝና ከዘይትነት ወደ ጨውነት ይጠጋል። ስለዚህ ውሃ ይወዳል፤ በዝናብ ይታጠባል፣ በወንዝ ይሄዳል፣ ከወላጁ ይልቅ ብዙ ይቆያል። በሰውነታችን ውስጥም ጉበት ያንኑ የመንቀል ሥራ ይሠራል፤ አንጎልን የሚጎዳውም በዋናነት ጉበት የሚያመርተው ይህ ባለ ሦስት ክንድ ነው። መርዙን ለማርከስ የተጀመረው ሥራ መጀመሪያ የሚያወጣው የባሰውን መሆኑ የሚገርም ነው።

የመርሲ ወፎች

በ1979 መኸር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ የመርሲ ወንዝ ሊቨርፑል አጠገብ ከባሕር በሚገናኝበት ረግረግ ላይ ወፎች መውደቅ ጀመሩ። አብዛኞቹ ዱንሊን የሚባሉት፣ በጭቃው ላይ እየተርመሰመሱ ትልና ቅርፊት ለባሽ የሚለቅሙ ትንንሽ ወፎች ነበሩ። ከ2,000 በላይ ሞተው ወይም ታመው ተገኙ። የታመሙት ይንቀጠቀጣሉ፣ መብረር አይችሉም፣ ራሳቸው ይንከላወሳል። በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም በአነስተኛ ቁጥር ተደገመ።

ከአካባቢው እርሳስ ጠፍቶ አያውቅም፤ አሮጌ የኢንዱስትሪ ወንዝ ነው። በወፎች ዓለም የታወቀው የእርሳስ ሞት ደግሞ ሌላ ነው፦ ዳክዬ በጭቃ ውስጥ የቀረ የአዳኝ ጥይት ፍሬ ይውጥና እርሳሱ ቀስ ብሎ በአጥንቱና በኩላሊቱ ይከማቻል። የመርሲዎቹን ጉበት የመረመሩት ኬሚስቶች «እርሳስ አለ» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ መርማሪው አዳኞችን ሊጠይቅ ይሄድ ነበር። እነሱ ግን የትኛው እርሳስ እንደሆነ ጠየቁ። መልሱ ባለ ሦስት ክንዱ ሆነ። ባለ ሦስት ክንድ እርሳስ ከጥይት አይመጣም፤ ከቀለምም አይመጣም። በአካባቢው ሊያመጣው የሚችለው ለቤንዚን የሚጨመረውን ውህድ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር፤ ፍሳሹ በማንቸስተር የመርከብ ቦይ በኩል ወደ ወንዙ ይገባል። ወፎቹ የሚበሉት ቅርፊት ለባሽም ይህንኑ ይዞ ተገኘ። ከዚያ ተመራማሪዎች ስታርሊንግ ለሚባሉ ወፎች ትራይአልኪል እርሳስ በልክ ሰጥተው ያንኑ መንቀጥቀጥና ያንኑ ሞት አዩ። ክሱን የዘጋው ይህ ነው።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ሞቱ ሳይሆን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያመጣው ለውጥ ነው።

ናሙናው ከወንዝ ሳይወጣ የሚበላሸው

የተለመደው የውሃ ናሙና አሰባሰብ ለጠቅላላ እርሳስ የተሠራ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ ይንጠባጠባል፤ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ እንዳይጣበቅ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ለኦርጋኒክ እርሳስ ግን ጥፋት ነው፤ አሲዱ በእርሳሱና በካርቦኑ መካከል ያለውን ማሰሪያ ሊበጥስ ይችላል። ደለል ሲሆን ደግሞ የተለመደው በምድጃ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በጠንካራ አሲድ ማፍላት ነው። ባለ አራት ክንዱ ምድጃው ላይ ይተናል፣ ባለ ሦስትና ባለ ሁለት ክንዱ አሲዱ ውስጥ ይፈርሳል፣ ማሽኑም ያለ ምንም ስህተት ትክክለኛ የጠቅላላ እርሳስ ቁጥር ያወጣል። ስህተቱ ከማሽኑ በፊት ሆኗል። ተልባ ፈጭቶ ስንት ፍሬ እንደነበር እንደመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ውሃውን ብርሃን በማያሳልፍ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ ይከድናል፤ ላይ ባዶ ቦታ ካለ የሚተነው ወደዚያ ይሸሻል። በቀዝቃዛና በጨለማ ይይዛል፣ በቶሎ ያደርሳል። ደለሉን እርጥብ እንዳለ ያቀዘቅዛል። የዓሣ ወይም የጉበት ሥጋ ከሆነ በአሲድ ፈንታ በኢንዛይም ወይም በአልካሊ ቀስ ብሎ ያሟሟዋል።

አየር ከሁሉም ያስቸግራል። ለብናኝ እርሳስ ማጣሪያ ጨርቅ ይበቃል፤ አየር በፓምፕ ይሳባል፣ ብናኙ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የተነነው ኦርጋኒክ እርሳስ ግን በማጣሪያው ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ እንደ ዕጣን ሽታ፣ መጋረጃ አይመልሰውም። ስለዚህ ከማጣሪያው ጀርባ ወጥመድ ይቀመጣል፦ እጅግ የቀዘቀዘ ቱቦ፣ ጋዝ የሚመጥ ዱቄት የተሞላ ቱቦ ወይም አዮዲን ሞኖክሎራይድ የተባለ ፈሳሽ። ፈሳሹ በደንብ ይይዛል፤ ግን ባለ አራቱን ሁሉ ወደ ባለ ሁለት ክንድ ይቀይረዋል፤ ስንት እንደነበረ እንጂ ምን እንደነበረ አይነግርም። በዱቄቱ ወጥመድ ደግሞ ሌላ ሌባ አለ፤ በአየር ያለው ኦዞን አብሮ ገብቶ የተያዘውን ይበላል። መፍትሔው ከወጥመዱ በፊት ኦዞኑን የሚያጠፋ የብረት ሰልፌት ማሳለፊያ ማስቀመጥ ነው። በፊት ኦዞኑን ሳያውቁ የለኩ ሰዎች ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይገርምም።

ነጠላ የማልበስ ጥበብ

ናሙናው በሰላም ላቦራቶሪ ደረሰ እንበል። አሁን ተራው የመለየት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ብዛት ነው። ተራው እርሳስ ከኦርጋኒኩ በመቶም፣ በሺህም እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ኢዲቲኤ የተባለ ንጥረ ነገር ይጨመራል፤ ክንድ አልባውን እርሳስ ጭምድድ አድርጎ ይዞ ውሃው ውስጥ ያስቀረዋል። ክንድ ያላቸውን ግን አጥብቆ አይዛቸውም። ከዚያ ዳይቲዮካርባሜት በሚባል ሌላ ያዥ አማካይነት ባለ ሦስትና ባለ ሁለት ክንዶቹ ወደ ሄክሴን፣ ማለትም ወደ ቤንዚን መሰል ፈሳሽ፣ ይሳባሉ። ውሃና ሄክሴን ስለማይዋሃዱ ከላይ የተንሳፈፈውን መቅዳት ነው።

ሁለተኛው ችግር መለያው መሣሪያ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፉ፣ የሚተን ነገር ብቻ መቀበሉ ነው። ባለ ሦስት ክንዱ ጨው መሰል ስለሆነ አይተንም። እንዲተን ለማድረግ የጎደለው ክንድ ላይ አዲስ ቁራጭ ይለጠፍለታል። ኬሚስቶች ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርጉት በግሪኛርድ ውህድ ነው፤ ወይም በውሃ ውስጥ በቀጥታ በሚሠራው ሶዲየም ቴትራኤቲልቦሬት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቴትራኤቲልቦሬት የሚለጥፈው ኤቲል ነው። ለትራይሜቲል እርሳስ ኤቲል ቢለጠፍ ችግር የለም፤ ሦስት ሜቲልና አንድ ኤቲል ይሆናል፣ ማንነቱ ይታወቃል። ለትራይኤቲል እርሳስ ኤቲል ቢለጠፍስ? ቴትራኤቲል እርሳስ ሆነ። ለባለ ሁለቱ ኤቲል? እሱም ቴትራኤቲል ሆነ። ክንድ አልባው ተራ እርሳስስ? አራት ኤቲል ተለጥፎለት ቴትራኤቲል ሆኖ ይወጣል!

ሠርግ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ነጠላ ለሌለው ሁሉ ነጭ ነጠላ እየሰጣችሁ አስገባችሁ እንበል። በኋላ «ከቤቱ ነጭ ነጠላ ለብሶ የመጣው ማን ነው?» ብትባሉ መልስ የላችሁም። ከበር የምትሰጡት ሰማያዊ ቢሆን ግን ማን ምን ለብሶ እንደመጣ በጨረፍታ ይታወቃል። ኬሚስቱም እንደዚሁ ያደርጋል፤ በኤቲል ፈንታ ቤንዚን ውስጥ የማይገኘውን ፕሮፒል ወይም ቡቲል ይለጥፋል። ከዚያ ሦስት ኤቲልና አንድ ፕሮፒል ካየ የመጣው ትራይኤቲል ነበር፤ አራት ፕሮፒል ካየ ክንድ አልባው ተራ እርሳስ ነበር። አንድ የምርመራ ውጤት «ቴትራኤቲል እርሳስ ተገኘ» ካለና የማልበሱ ሥራ በኤቲል የተሠራ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ከማመኔ በፊት ወረቀቱን ወደ ላከው ሰው መልሼ እደውላለሁ።

የለበሱት በቀጭን፣ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የተጠቀለለ ቱቦ ውስጥ በጋዝ ግፊት ይነዳሉ። በገበያ መንገድ ላይ አንዱ ዝም ብሎ ይገሰግሳል፤ ሌላው ያገኘውን ሁሉ «እንዴት አደራችሁ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው» እያለ ይቆማል። መነሻቸው አንድ ቢሆንም መድረሻቸው ይለያያል። ቀላሉና በቶሎ የሚተነው ቀድሞ ይወጣል፤ ከባዱ የቱቦውን ግድግዳ ሰላም ሲል ይዘገያል። እያንዳንዱ የሚወጣበት ደቂቃ መታወቂያው ነው።

ከቱቦው ጫፍ ላይ መቁጠሪያው አለ። ዛሬ ብዙ ጊዜ አርጎን ጋዝ በሺዎች ዲግሪ ግሎ ፕላዝማ የሆነበት ምድጃ ነው፤ የደረሰውን ሞለኪውል እስከ አቶም አፍርሶ ክብደቱን በማስ ስፔክትሮሜትር ይመዝናል። ሌላው አማራጭ የጋለው እርሳስ የሚያወጣውን ብርሃን ማየት ነው፤ እርሳስ 405.8 ናኖሜትር ላይ የራሱ የሆነ ሐምራዊ መስመር አለው። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚያዩት እርሳስን ብቻ ነው፤ አብሮ የመጣ ዘይት፣ ቅጠል፣ ጭቃ አያደናግራቸውም። ማፍረሱ አሁን አይጎዳም፤ ማንነቱ አስቀድሞ በደቂቃው ተመዝግቧል።

የጠፋውን በግ መቁጠር

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ጥቂት መጥፋቱ አይቀርም፤ ጠርሙሱ ላይ፣ ሄክሴኑ ላይ፣ ሲለብስ። ስንት እንደጠፋ ካልታወቀ የመጨረሻው ቁጥር ባዶ ነው። ዘዴው ከበግ እረኛ የተቀዳ ይመስላል። እርሳስ በተፈጥሮ 204፣ 206፣ 207 እና 208 የሚባሉ አራት የተረጋጉ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአቶም ዓይነቶች፣ አሉት፤ ድርሻቸው ይታወቃል። ኬሚስቱ ከ206 ብቻ በተሠራ ትራይሜቲል እርሳስ የተወሰነ መጠን ናሙናው ላይ ገና ሲጀምር ይጨምራል፤ ጆሯቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረ 20 በጎች መንጋው ውስጥ እንደመልቀቅ። ከዚያ በመንገድ የሚጠፋው ከሁለቱም እኩል ድርሻ ይጠፋል። በመጨረሻ ላይ የሚታየው የቀይ ክሮቹ ድርሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ መንጋው መጀመሪያ ስንት እንደነበር ይሰላል። የሚሠራው ግን ክር የታሰረው በግ ከመንጋው ጋር በደንብ ከተደባለቀ ነው፤ ደለል ውስጥ የተቀበረው ኦርጋኒክ እርሳስ አዲስ ከተጨመረው ጋር ካልተቀላቀለ ስሌቱ ያታልላል።

በአውሮፓ የማጣቀሻ ናሙናዎችን የሚያዘጋጀው ተቋም ላቦራቶሪዎች ራሳቸውን እንዲፈትሹበት የከተማ መንገድ አቧራ አዘጋጅቶ በውስጡ ያለውን ትራይሜቲል እርሳስ በብዙ ላቦራቶሪ አስለክቶ አጽድቋል፤ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም ያነሰ። አቧራው ውስጥ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ተራ እርሳስ አለ። ሥራው ክምር ጤፍ ውስጥ የተበተኑ ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬዎችን መልቀም ነው።

ወይንና በረዶ

ዘዴው ሲበስል ያልታሰበ ቦታ ተወሰደ። በ1994 የቤልጅየምና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በደቡብ ፈረንሳይ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ከሚባለው አካባቢ፣ ሁለት ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች ከሚያልፉበት አጠገብ፣ ከ1950 ጀምሮ የተጠመቁ ወይኖችን ከፍተው ኦርጋኒክ እርሳስ ለኩ። የወይን ጠርሙስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ዓመቱ ተጽፎበታል፣ ታሽጓል፣ በጨለማ ምድር ቤት ተኝቷል። ለናሙና አያያዝ ከላይ ያልነውን ሁሉ ወይን ሠሪው ሳያውቀው አድርጎታል። በቤንዚን ላይ ቴትራሜቲል እርሳስ መጨመር የተጀመረው በ1960 ስለሆነ፣ የትራይሜቲል ታሪክም በወይኑ ውስጥ ከዚያ በኋላ ያድጋል፤ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ይወጣል፤ ቤንዚኑ ውስጥ ያለው እርሳስ ሲቀነስ ይወርዳል። ጠቅላላ እርሳስ ቢለኩ ይህን አያዩትም ነበር፤ በወይን ውስጥ ያለው እርሳስ ከመጥመቂያ ዕቃ፣ ከቧንቧ፣ ከአፈርም ይመጣል። የኦርጋኒኩ ምንጭ ግን አውራ ጎዳናው ነው።

ከእነዚሁ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ በግሪንላንድ በረዶም ላይ ሠርተዋል። እዚያ የተገኘው መጠን በአንድ ግራም በረዶ በፌምቶግራም የሚቆጠር ነው፤ ፌምቶግራም የግራም ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ መጠን ጠላቱ ላቦራቶሪው ራሱ ይሆናል፤ ውጭ መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና፣ ሄክሴኑ፣ ሌላው ቀርቶ የማልበሻው ውህድ ውስጥ ያለ የእርሳስ ርዝራዥ ውጤቱን ይውጠዋል። የምድርን ዕድሜ በእርሳስ የለካው ክሌር ፓተርሰን በ1950ዎቹ በጠቅላላ እርሳስ ላይ የታገለው ይኸው ነበር፤ ናሙናውን ከመለካት በፊት ክፍሉን ማጽዳት።

ዛሬ የት ይጠየቃል?

የሰሐራ በታች አፍሪካ በ2001 በዳካር ተስማምታ፣ በጥር 2006 እርሳስ ያለበትን የመኪና ቤንዚን መሸጥ አቆመች፤ ኢትዮጵያም በዚሁ ውስጥ ናት። የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ጨረሰች። ስለዚህ ዛሬ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር አፈር ውስጥ ቴትራኤቲል እርሳስ ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ከዓመታት በፊት የወደቀው ክንዱን ሁሉ ጥሎ ተራ እርሳስ ሆኗል። እሱን ለመለካት ደግሞ ተራው ዘዴ ይበቃል። በባትሪ መቅለጫ ዙሪያ ያለውም፣ በአሮጌ ቀለም ያለውም ተራ እርሳስ ነው።

ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው አሮጌ የቤንዚን ታንክ ለዓመታት ከመሬት በታች ሲያንጠባጥብ በኖረበት ቦታ ነው። ፀሐይ በሌለበት፣ አየር በማይደርስበት፣ ቤንዚኑ ራሱ ገና በተንሳፈፈበት አፈር ውስጥ ቴትራኤቲል እርሳስ ክንዱን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ካሊፎርኒያ ርካሽ ዘዴ ተጠቅማለች፤ አፈሩን ዛይሊን በተባለ አሟሚ ፈሳሽ አጥቦ ወደ ዛይሊኑ የገባውን እርሳስ መለካት። የትኛው ኦርጋኒክ እርሳስ እንደሆነ አይነግርም፤ ግን ለታንክ ጉዳይ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ፕላዝማ መክፈል አያስፈልግም። በዚያው ግዛት ሕግ አንድ ቆሻሻ አደገኛ የሚባለው በኪሎ 1,000 ሚሊግራም ጠቅላላ እርሳስ ሲኖረው ነው፤ እርሳሱ ኦርጋኒክ ከሆነ ግን 13 ሚሊግራም ይበቃል።

ሌላው ቦታ ትንንሽ አውሮፕላን የሚነሣበት ሜዳ ነው። ጄቶች የሚጠቀሙት ነዳጅ እርሳስ የለውም። በፒስተን ሞተር የሚበሩት ትንንሾቹ ግን በብዙ አገር ዛሬም «ዝቅተኛ እርሳስ» የሚባለውን ቤንዚን ይሞላሉ፤ ስሙ ዝቅተኛ ይሁን እንጂ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይፈቀድለታል፤ የገባውም ያው የ1921ዱ ቴትራኤቲል እርሳስ ነው። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ አውራጃ በሚገኘው ሪድ ሂልቪው አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ የሚኖሩ ሕፃናት ደም ከተጠና በኋላ አውራጃው ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ይህን ነዳጅ መሸጥ አቁሟል፤ በጥቅምት 2023 ደግሞ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከእነዚህ አውሮፕላኖች የሚወጣው እርሳስ ለጤና አደጋ መሆኑን በይፋ ወስኗል።

የአሜሪካ የአየር መመዘኛ ከ2008 ጀምሮ በሜትር ኩብ 0.15 ማይክሮግራም እርሳስ ነው፤ የሚለካውም ብናኝ በሚይዝ ማጣሪያ ነው። ከሞተሩ የሚወጣውን ብናኝ ይይዛል። ነዳጅ ቀጂው ቱቦውን ሲነቅል፣ አብራሪው ከበረራ በፊት ከታንኩ ሥር ጥቂት ቀድቶ በብርጭቆ እያየ ሲመረምር ወደ አየር የሚተነው ባለ አራት ክንዱ ግን ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል። እሱን የፈለገ ሰው ከማጣሪያው ጀርባ ሁለተኛ ወጥመድ ማስቀመጥ አለበት።